አብዲ ያያት ሚስቴ

በእኛ አገር ለመማል ዳኛ የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቲማቲም ሻጯ «ማርያምን አያዋጣኝም» ትላለች። ረዳቱ «እናቴ ትሙት አሁን እንወጣለን» ይላል፤ መኪናው ግን ገና ባዶ ነው። ጅጅጋ ደግሞ ገበያው የሚከፈተው በ«ወላሂ» ነው። ሕግ ግን ኩሩ ነው፤ የሚያስምለው ዳኛ፣ የሚማለውም ችሎት ላይ ነው ብሎ ቁጭ ብሏል። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ይህን የተማርኩት ሚስቴ በናፈቀችኝ ጊዜ ነው። እኔ ጅጅጋ መምህር ነኝ፣ ሚስቴ ብርቱካን ደግሞ ደሴ ተቀጥራ ትሠራለች። ሞባይል ገና ስላልመጣ ቴሌ እሰለፋለሁ። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና» ትላለች፤ እኔም ያንኑ እንደገና እጠይቃታለሁ፤ ሰልፈኛው ያጉረመርማል። በሽማግሌ ስለተጋባን ወረቀት የለንም። ወደ ደሴ ዝውውር ስጠይቅ ትምህርት ቢሮው፣ ሚስት እንዳለችህና ደሴ እንደምትኖር የሚያውቅ ሰው ፍርድ ቤት ይማልልህ አለኝ።

ምስክሬ ጎረቤቴ አብዲ ሆነ፤ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ተቀምጠን ጉዳዬን ሳነሳ፣ አብዲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ወላሂ ሚስቱን ከራሴ ሚስት በላይ አውቃታለሁ፣ ያለችው ደሴ ነው፣ እሷን ሲያስብ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል አለ። ዳኛው ራሳቸው አጠገባችን ትራስ ተደግፈዋል። ይኸው ሰሙ አይደል ብላቸው፣ መምህር፣ እዚህ ቃሚ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፣ ችሎት ኑ አሉኝ።

ሄድን። አብዲ ቁርአኑን ሲያይ ሌላ ሰው ሆነ። የገበያ ወላሂና የቁርአን ወላሂ አንድ አይደለማ! ሚስቱን ታውቃታለህ ሲባል፣ ስሟን ሰምቻለሁ፣ እሷን ግን አላየሁም አለ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ለካ ያላዩት ሚስትም አይመሰከርም። ውስጤ ጨሰ። ግን ምን ይባላል? ሰውየው አምላኩን ፈራ እንጂ እኔን አልከዳኝ። ዳኛውም ሌላ ቀጠሮ ሰጡን።

ቴሌ ሮጬ «ነይ፣ አብዲ ይይሽ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ከአብዲ ይልቅ እኔ ነበርኩ ላያት የቸኮልኩት። ፈቃድ ለምና መጣች። አብዲ ከሱቁ ሻርፕ መርጦ ሸለማት፤ ችሎት የሚጠየቅበት ነውና ፊቷንም አጥርቶ አያት። ያች ሳምንት እንዴት እንዳለቀች አላውቅም። ቀጠሮው ሳይደርስ ፈቃዷ አለቀ። አውቶቡሷ ወደ ካራማራ ሽቅብ ወጥታ እስክትሰወር ቆሜ አየሁ። ከዚያም በኋላ ቆሜ ነበር።

በቀጠሮው አብዲ ደረቱን ነፍቶ ማለ። ሚስቱን አውቃታለሁ፣ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ የተባረከች ሴት ናት አለ። እኔ በልቤ ሻንጣዬን ሸክፌ ጨረስኩ። ዳኛው ግን አንድ ጥያቄ ቀራቸው፤ የት ነው ያለችው? አብዲ እኔን አየ፣ ቁርአኑን አየ፣ እኔ ያየኋት እዚሁ ጅጅጋ ነው አለ።

ቢሮውም ሚስትህ አብራህ እያለች ዝውውር ምን ያደርግልሃል አለኝ። ወላሂ፣ ምነው እውነት በሆነ።