ዘይነባ የተወችው ባዶ ቦታ

አንዲትን የወሎ እናት «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠየቃችሁ አትልፉ። «አላህ የሰጠኝ አሉ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላችኋለች እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። የእኔዋ ጎጃሜ እናትም ብትሆን ስንት እንደሆንን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ የተቆጠረ ልጅ ዐይን ያገኘዋል ባይ ነበረች። ኮምፒውተር ግን ይሉኝታ የለውም። ከሰጡት ይቆጥራል።

እዚህ ካርቱም፣ ጀሪፍ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ጁምአ ጁምአ ደግሞ ሱቄን ዘግቼ፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን በሁለት አሮጌ ላፕቶፖች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ማን አስተማሪ አደረገህ አትበሉኝ፤ እኔም የተማርኩት ከስልኬ ላይ ነው፣ የምቀድማቸውም በሁለት ትምህርት ብቻ ነው። እነሱ ግን «ኡስታዝ» ይሉኛል፤ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ።

ከመካከላቸው አንዷ ዘይነባ ናት፣ አርባን የተሻገረች የከሚሴ ሴት። ልጆቿ አገር ቤት፣ እናቷ ዘንድ ናቸው። ሦስተኛው፣ ጀማል፣ ግን በሊቢያ በኩል እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ድምፁ የለም። ዘመዶቿ በደወሉ ቁጥር «በቃ እርምሽን አውጪ፣ ሰደቃም ይውጣለት» ይሏታል። እሷ እሺም እምቢም ሳትል ስልኩን ትዘጋለች። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን።

የዚያን ዕለት ትምህርታችን የዝርዝርን ርዝመት ማወቅ ነበር። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ስሞች ትደረድራላችሁ፣ እያንዳንዱን ስም በጥቅስ ምልክት ታቅፋላችሁ፣ መሐላቸውን በነጠላ ሰረዝ ትለያላችሁ፤ ከዚያ «ሌን» የምትባለዋን ትእዛዝ ስትጽፉ ስንት እንደሆኑ ይነግራችኋል። እኔ ሞኙ «ያላ፣ የልጆቻችሁን ስም ጻፉ፣ ልጅ የሌላችሁ የወንድም የእህታችሁን» አልኩ።

«ኡስታዝ፣ ልጅ ይቆጠራል እንዴ?» አለች ዘይነባ።

«አንቺ ስም ብቻ ጻፊ፤ የሚቆጥረው እሱ ነው።»

ተሳሳቁና መጻፍ ጀመሩ። በብልሃቴ ኮራሁ፤ ምን አለ ዝም ብዬ የአትክልት ስም ባስጻፍኳቸው ኖሮ!

ጥቂት ቆይቼ የዘይነባን ሥራ ለማየት ጎንበስ አልኩ። ሰዓዳ፣ ሙሐመድ፣ ቀጥሎ በውስጡ ምንም ያልተጻፈበት የጥቅስ ምልክት፣ ከዚያ ፋጡማ። ከሥር ውጤቱ፦ አራት።

መምህርነት ክፉ ነገር ነው፤ ከስህተት በቀር ምንም አያሳይም። «ዘይነባ፣ አንዱን ባዶ ትተሽዋል። ባዶም ቢሆን ቦታ እስከያዘ ድረስ ይቆጥረዋል። ትክክለኛው መልስ ሦስት ነው» አልኩና ጣቴን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ።

እጄን ለቀም አደረገችው።

«ተው ኡስታዝ፣ በአላህ! ስሙን እንዳልጽፈው ፈራሁ። እንዳልዘለውም በገዛ እጄ መቅበሬ ሆነብኝ። ቦታውን ያዝኩለት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን እኔን ትታ ስክሪኑን ታያለች።

«ባዶውንም ይቆጥራል ነው ያልከኝ?»

«ይቆጥራል።»

«ወላሂ፣ ሰው ሁሉ ሦስት ሲለኝ ይሄ ብረት አራት አለኝ!» ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ሌሎቹ ሴቶችም አብረዋት፤ እኔም ብሆን የአቧራ ሰበብ ፈለግኩ። ደግነቱ ካርቱም አቧራ አታጣም።

«ጀማል ቢደውልስ ምን አደርጋለሁ?» አለች ፊቷን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

«ባዶው ውስጥ ስሙን ትጽፊያለሽ።»

«ቁጥሩስ ይጨምራል?»

«አይጨምርም። ያው አራት ነው።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እሷ ይህን ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር።

«በል ካህረባው ሳይጠፋ አስቀምጥልኝ» አለች። መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለምና ተጣደፍኩ። ፋይሉን ምን ብዬ ልሰይመው ብላት ትንሽ እንኳ አላሰበችም።

«ልጆቼ በለው።»

እንደዚያው ብዬ አስቀመጥኩት።