የአደ ሎኮ አልጋ

በእኛ ከተማ ሰው ይዛወራል፤ ዕቃ ይቀራል። ነገሌ ቦረና ላልኖረ ሰው ይህ ነገር ቶሎ አይገባውም። የመንግሥት ሠራተኛ ወደ እኛ ሲመደብ መጀመሪያ አማላጅ ይፈልጋል፤ አማላጁ ሳይሆንለት ሲቀር አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዞ ከጭነት መኪና ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ዝውውር ከቀናው ሰው ላይ ጠረጴዛና ወንበር ይገዛል። እሱም በተራው ዝውውሩ የተሳካለት ዕለት፣ አለቆቹ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ልውጣ ብሎ፣ የቤቱን ዕቃ አጥር ሥር ደርድሮ ላገኘው ሁሉ ይሸጥና እብስ ይላል። በዚህ የተነሣ ነገሌ ውስጥ የሥራ ልምድ የሌለው ወንበር ማግኘት ይቸግራል። እኔ ቤት ያለችው አንዷ መጀመሪያ ዳኛ፣ ቀጥሎ የግብርና ባለሙያ፣ በኋላም አንድ ወፍራም የክሊኒክ ድሬሰር ተሸክማ ኖራ ነው ወደ እኔ የመጣችው። የአገልግሎት ዘመኗ ከእኔ ይበልጣል።

ታዲያ እኔ የተሰበረ ዕቃ ሳይ እጄን ይበላኛል። አናጢ እንዳልመስላችሁ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሌላው ባልደረባዬ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ካርታውን ይጫወታል ወይም ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ ጓሮዬ ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገብቼ አንዱን እግረ ሰባራ መላግ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ማጣበቅ ነው። ባለቤቴ ቤታችንን የወንበር ሆስፒታል ብላ ሰይማዋለች። ምን ላድርግ? ያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ የሰው ጊዜ የራሱ አልነበረም። ቅዳሜ የውይይት ክበብ፣ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ፣ በመሃል ደግሞ ድንገተኛ ሰልፍ አለ። እንጨት ግን አያጨበጭብም፤ አጨብጭብም አይልህም። የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አንድ ቀን የመዶሻ ድምፅ ሰምቶ ከአጥሬ በላይ ብቅ አለ። "ጓድ መምህር፣ ይህ ሁሉ ሥራ ለየትኛው ማኅበር ነው?" አለኝ። ለማንም እንዳልሆነ፣ ደስ ስለሚለኝ ብቻ እንደምሠራ ነገርኩት። "ደስ ስለሚልህ? ለብቻህ?" አለና ወንበሯን ትክ ብሎ አያት። ሰውዬው በስብሰባ ያልጸደቀ ደስታ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ፈሪ ነበር፤ ግን ፈሪ ሰው ማኅተም ከያዘ ከክፉ ጋር መለየቱ ይቸግራል።

አሁን አደ ሎኮን ላስተዋውቃችሁ። "አደ" በኦሮምኛ እንደ "ወይዘሮ" ያለ ማክበሪያ ነው። አደ ሎኮ ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ የጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ ከመሰሎቻቸው ጋር በየሰው ሳሎን ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ጃተኒ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በራፍ ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ረጅም ልጅ ነው፤ አስተምሬዋለሁ፤ ካርታ ላይ ወንዝ ፈልግ ሲባል ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ዳዋን ነበር፤ ለሌላው ወንዝ ግድ አልነበረውም። ብሔራዊ ውትድርና መጣና ወደ ሰሜን ወሰደው።

ልጁ በሄደ በዓመቱ አንድ ዳኛ ተዛወሩና ሰፊ የዋንዛ አልጋቸውን አጥር ሥር አወጡት። እግሮቹን ምስጥ ጨርሷቸው ስለነበር ሰው ሁሉ እያየ አለፈው። አደ ሎኮ ገዙት። ለቤታቸው የማይመጥን ትልቅ አልጋ ነው። በአህያ ጋሪ አስጭነው በቀጥታ ወደ እኔ አመጡት።

"በርሲሳ፣ ይሄን አድንልኝ" አሉኝ። በርሲሳ ማለት አስተማሪ ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "ጃተኒ ዕድሜ ልኩን ቁርበት ላይ ነው የተኛው። ሲመጣ እድረዋለሁ። ሚስት አግብቶም ቁርበት ላይ ይተኛ?"

እሺ አልኳቸው። እንኳን ለምነውኝ፣ ሳይለምኑኝም አልጋው ዓይኔን ስቦት ነበር። ራስጌው ላይ የተዛወሩት ሰዎች ሁሉ እየተነሡ የየራሳቸውን ቀለም ለቅልቀውበታል። አረንጓዴውን ፍቄ ሳነሣ ቡናማ፣ ቡናማውን ሳነሣ ሌላ አረንጓዴ፤ ከዚያ ሥር ዋንዛው ብቅ ሲል ያለኝን ደስታ የሠራበት ሰው ያውቀዋል። የተበሉትን እግሮች ቆርጬ በጥድ ተካኋቸው፤ ምስጥ ጥድ አይደፍርም። አደ ሎኮ ከሥራ ሲወጡ በእኔ ጓሮ በኩል ያልፋሉ። "አካም በርሲሳ? ደረሰ?" ይላሉ። ገና ነው ስላቸው "ቶሎ በል እንጂ! ልጁ ደርሶ አንተ ሳትደርስ?" ይሉኛል። እየተሳሳቅን እንለያይ ነበር።

አንድ ቀን ከጃተኒ ጋር የዘመተ የሰፈራችን ልጅ በክራንች ተመለሰ። የመጣ ዕለት ወደ እናቱ ቤት ሳይገባ ነው ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ኦቦ ጎሊቻ ቤት የሄደው። ጃተኒ ሞቷል፤ ሲቀበር በዓይኑ አይቷል።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር መርዶ ሥርዓት አለው። ከደጋ በመጡ ሰዎች ገብቶ፣ በእድሩ በኩል የሁሉም ሆኗል። ጎህ ሲቀድ፣ ባለ ሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣ፣ እድርተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ደጁ ላይ ይቆማል። ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በር ላይ ያየ ሰው የሚጠይቀው "ማን?" ብሎ ብቻ ነው። አደ ሎኮ ራሳቸው በስንት ሰው ደጅ ላይ ከእኛ ጋር ቆመዋል፤ ከእሪታ በፊት ክንድ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ።

እኛ ለመርዶው ስንዘጋጅ ሊቀ መንበሩ ሰማ። የእድሩን ሰዎች ጠርቶ አስቆመን። "ከበላይ አካል ያልተገለጸ ሞት ሞት አይደለም" አለ፤ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው። "ግንባር ላይ ስላለ ጀግና ያልተረጋገጠ ወሬ የነገራት፣ ያስነገረባት፣ የጠላት ወሬ አናፋሽ ነው። እርምጃ ይወሰድበታል።" እርምጃ የሚለው ቃል ያኔ ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ባለ ክራንቹም እንዳይናገር፣ ከአደ ሎኮ ዓይንም እንዲርቅ ተነገረው። ኦቦ ጎሊቻ ብቻ ቀስ ብለው "ጓድ ሊቀ መንበር፣ እናት እኮ ናት" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ እናት አታውቅም። ቀበሌ ሱቅ ወረፋ ላይ ሰው ሁሉ "ይለፉ፣ ይለፉ" ይላቸዋል። የሚተዋወቁ ሴቶች እየሳቁ ቆይተው እሳቸው ሲመጡ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። የሰው ደግነት እንዲህ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም። አደ ሎኮም ነገሩ ሳይገርማቸው አልቀረም፤ አንድ ቀን ጓሮዬ መጥተው "በርሲሳ፣ የዚህ ከተማ ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ጥሩ የሆነው?" አሉኝ። ብርጭቆ ወረቀቱን እያገላበጥኩ "እንጃ፣ ዝናብ ስለጣለ ይሆናል" አልኳቸው።

በዚያው ቀን ሌላ ነገር ጠየቁኝ። አልጋው ላይ በቁመታቸው ጋደም አሉና እግራቸው ከግርጌው ምን ያህል እንደራቀ አዩ። አሰቡ። "ለእሱ ያጥራል" አሉ። "ጃተኒ ረጅም ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ሊያድር ነው? አንድ ስንዝር ብትጨምርለትስ?"

ጨመርኩለት። የጎን ጣውላዎቹን ፈትቼ፣ ሌላ ጣውላ ቀጥዬ፣ ርብራቡን እንደገና ደርድሬ፣ ለሞተ ልጅ አልጋ አስረዘምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። መጋጠሚያው በእጅ ቢዳሰስ እንኳ እንዳይታወቅ አድርጌ አለሰለስኩት። እንባዬ እየመጣ ቫርኒሹ ላይ እንዳይንጠባጠብ ዞር እያልኩ እጠርግ ነበር፤ ባለቤቴ በመስኮት ታየኛለች። የወንበር ሆስፒታል የሚለውን ቀልድም ከዚያ ወዲህ ተወችው።

አንድ ሥራ ግን ምንም ቢያዘገዩት ያልቃል። ቫርኒሹ ደረቀ። አደ ሎኮ አዩት፣ ዳሰሱት፣ አሸተቱት። "ጎሽ በርሲሳ!" አሉና በነጋታው ወደ ቤታቸው እንዲሄድላቸው ፈለጉ። ዋንዛ ከነጥድ እግሩ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ጋሪ ላይ ደግሞ ይፈጋፈጋል ብዬ በሰው ትከሻ እንዲሄድ ወሰንኩ። የሰው ትከሻ የሚለመነው እድር ነውና ኦቦ ጎሊቻ ዘንድ ሄድኩ።

ኦቦ ጎሊቻ አገጫቸውን አሻሹ። "በማለዳ ይሁን" አሉ። "ጎህ ሲቀድ። ፀሐይ ከወጣች ሸክም ይከብዳል።"

ልክ ናቸው አልኩ። የነገሌ ፀሐይ ደግሞ የታወቀች ናት። ሰዎቹን እሳቸው ጠሩ።

በማግስቱ ማለዳ እድርተኛው ግቢዬ ተሰበሰበ። ብርድ ስለነበር ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። አራት ሰው አልጋውን ትከሻው ላይ አወጣው፤ የቀረነው፣ ባለ ክራንቹም ጭምር፣ ከኋላ ተከተልን። መንገድ ላይ ያገኘን አንድ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። አራት ሰው በትከሻው የተሸከመው አልጋ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲከተለው ምን እንደሚመስል ያወቅሁት አደ ሎኮ በር ላይ ደርሰን ስንቆም ነው።

በሩን ከፈቱ። በእኛ አገር ማለዳ የተገናኘ ሰው "ናጋ ቡልተኒ?" ሳይባባል አይተላለፍም፤ በሰላም አደራችሁ ማለት ነው። ይህን ቃል ከምንም አስቀድሞ የሚሉት ኦቦ ጎሊቻ ናቸው፤ ለጠላታቸውም ይሉታል። ያን ዕለት ግን ፊት ለፊት ቆመው አላሉትም። እኛም አላልንም። አደ ሎኮ አልጋውን አላዩትም። ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ፤ ባለ ክራንቹ ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

"ጃተኒ?" አሉ።

አንዳችን እንኳ "ኧረ አልጋ ይዘንልዎት መጥተን ነው" ማለት እንችል ነበር። እውነትም ነበር። ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ደጅ፣ ለእኚያ እናት ያን እውነት የሚናገር አፍ ጠፋ። ኦቦ ጎሊቻ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ከከተማው ዳር እስካለው ጦር ሰፈር ድረስ ተሰምቷል ይባላል። በቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ የኖሩ ሴት ያን ቀን ዝቅ አላደረጉም።

ረፋዱ ላይ ግቢው በሰው ሞላ። አግዳሚው ስላልበቃ አልጋው እንደቆመ ደጅ ላይ ተነጠፈና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡበት። ሊቀ መንበሩ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ማን ነው የነገራት?" አለ።

"ማንም" አሉ ኦቦ ጎሊቻ።

"ታዲያ በማለዳ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?"

"አልጋ ነው ያመጣነው። ይኸው" አሉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። "ይቀመጡ እንጂ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

ለቅሶ ቤት ቆሞ መመለስ ነውር ነው፤ የተቀመጠ ደግሞ ለቀስተኛ ነው። ሊቀ መንበሩ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ኮፍያውን አወለቀና ተቀመጠ። የእሱም ታናሽ ወንድም ሰሜን እንዳለ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ብዙ ቆየ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እርምጃም አልተወሰደም፤ በማን ላይ ይወሰዳል? በአልጋ ላይ?

በኋላ ኦቦ ጎሊቻን ለብቻቸው አግኝቼ፣ እውነት ማለዳውን የመረጡት ለፀሐይዋ ብለው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ፀሐይ ሸክም ታከብዳለች፣ አላልኩህም?" አሉኝ። እኚህ ሰው የእድሩን ድንኳን ከነምሰሶው በጠራራ ቀትር ሲያሸክሙን የኖሩ ናቸው። አውቀው እንዳደረጉት አልጠራጠርም። ከዚያ በላይ ግን አልጠየቅኋቸውም፤ በዚያ ዘመን ለሰው መልካም ማሰብ ማለት አንዳንዴ አለመጠየቅ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ አደ ሎኮን ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋው ቤት ገብቶ ክፍሏን ሞልቷታል፤ እሳቸው መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ዘርግተው የአልጋውን እግር ዳሰሱ።

"በርሲሳ" አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። "ቶሎ በል እያልኩ የነዘነዝኩህ እኔ ነኝ። ግን አንተም ምን አስቸኮለህ? ቀስ ብለህ ብትሠራው ኖሮ፣ ልጄ ትንሽ ይቆይልኝ ነበር።"

እውነታቸውን ነበር።