ትልቁ ብሬከር ለመሪጌታ

የሠርጌን ፎቶ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሙሽራዋን አይደለም፤ የእኔን ጭንቅላት ነው። ግራው ተላጭቶ ያበራል፣ ቀኙ ጎፈሬ ነው። ምን ሆነህ ነው ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ መልሴ አንድ ነበር፤ የመሪጌታ ምድጃ ነው።

ምድጃና ፀጉርን ምን አገናኛቸው አትሉም? ቆይ ልንገራችሁ።

የምንኖረው ደባርቅ፣ አቶ ፈንቴ ግቢ ነው። ተከራዮቹ ሦስት ነን፤ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ፣ በመንገዱ በኩል ፀጉር ቤት የከፈተው ኢድሪስ፣ እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪው። ቆጣሪያችን አንድ ነው። ሽቦ ተገናኝቶ ግቢው እንዳይቃጠል ብለው አቶ ፈንቴ ከጎንደር አራት ብሬከር፣ አደጋ ሲመጣ ራሱ ወድቆ መብራቱን የሚቆርጠውን፣ አመጡ። ሦስቱ ለየቤታችን፣ አንዱ ቆጣሪው ጋ ሆኖ ለሁላችንም። አንዱ ትልቅ፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ትንሽ። ትልቁ ለማን ይሁን? ይኼም ጥያቄ ሆኖ! ለመሪጌታ ነዋ፣ አልኩ እኔ። ለእሳቸው ትንሹን ሰጥተን እናሳፍራቸው? ሁሉም ተስማማ። ትንሹ ቆጣሪው ጋ ገባ። በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው፣ ይበቃዋል አሉ አቶ ፈንቴ። ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ከዚያ ወዲያ የማንም ቤት ሽቦ ቢገናኝ ቀድሞ የሚወድቀው ዘበኛው ሆነ። የየቤታችን ብሬከሮች ንቅንቅ አይሉም፤ ግቢው ግን በሙሉ ይጠፋል። መጀመሪያ መብራት ሄደ እንላለን። ማዶ ያለው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲጮህ ስንሰማ ደግሞ፣ አይ፣ የመሪጌታ ምድጃ ነው እንላለን። አንድ ቀን ሽሯቸው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሶ ስለነበር ስማቸው በዚያው ቀረ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም በዓል በዓል፣ ድስት በሚበዛበት ቀን ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የሠርጌ ዕለት፣ እሁድ ጠዋት፣ ኢድሪስ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሚዜዬ እኔ ቤት ሱሪዬን በካውያዬ ይተኩሳል። ሚኒባሱ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሙሽራዋ ዳባት ናት። ኢድሪስ ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኝ ሲዞር ማሽኑ ዝም አለ። ወፍጮው ይጮሃል። መሪጌታን በሆዴ ረገምኳቸው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ቁልፉስ? ከአቶ ፈንቴ አንገት ጋር በየዳ ወረዳ ለተዝካር ሄዷል። ሙሽራ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ያከራየውን ሰው ቁልፍ አይሰብርም። ኢድሪስ መቀስ አንስቶ ትንሽ ሞካከረና አስቀመጠው። "ወንድሜ፣ ብነካካው ይብስበታል፤ እንዲሁ ሂድ" አለኝ።

እንዲሁ ሄድኩ። ዳባት ላይ የሙሽራዋ አጎት ሚዜዬን ገለል አድርገው፣ ቆረቆር ነው እንዴ ብለው ጠየቁት። ቆረቆር ከሆነ ልጃችንን አንሰጥም አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው ሲዞር ባዶ እጄን የምመለስ መሰለኝ። ያዳነችኝ እሷው ናት። "ግማሹ ደኅና አይደል? ይበቃኛል" ብላ ላከችባቸው።

እንዲህ ያለች ሴት ሁለት ዓመት ግቢው ሲጠፋ ታግሣ ታግሣ፣ በመጨረሻ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዘመዷን ከዳባት አስመጣች። ሰውየው ሳጥኑን አይቶ ሳቀ። እነዚህ አንድ መስመር ላይ ተከታትለው የቆሙ ናቸው አለን። ቀድሞ መውደቅ ያለበት ጥፋቱ አጠገብ ያለው፣ ትንሹ ነው። የላይኛው ትልቅ ይሆንና ይታገሣል፤ የታችኛው ካቃተው ብቻ ይወድቃል። ሽቦው ወፍራም ስለሆነ ትልቁን ይችላል፤ ወደ ቆጣሪው ይሂድ አለ። ማን ደፍሮ ከመሪጌታ ይቀማል? እሳቸው ራሳቸው ገላገሉን። "ውሰዱት ልጆቼ፤ እኔ ከብሬከር ክብር አልጠብቅም" አሉ። ትልቁና ትንሹ ቦታ ተለዋወጡ።

ለሚቀጥለው በዓል ካውያዬን ሰካሁ። ጧ! ጠፋ። የለመደብኝን፣ "መሪጌታ፣ ዛሬም ምድጃዎን?" እያልኩ ወጣሁ። የኢድሪስ ማሽን ይንጫጫል። መሪጌታ በራቸው ላይ፣ ቦግ ካለ አምፖል ሥር ቆመዋል። ድስታቸው ከኋላቸው ይንተከተካል። የጠፋው የእኔ ቤት ብቻ ነው።

ባለቤቴ የካውያውን ገመድ ይዛ ወጣች። የተላጠውን ሽቦ በቁስል ፕላስተር የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። መሪጌታ ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"የሠርግህ ዕለት እሁድ አልነበር ልጄ? እኔ እኮ ቅዳሴ ነበርኩ።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ሙሽራ ይከፋዋል ብዬ።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አነሱኝ። ባለቤቴ እስከ ማታ ሳቀች። አቶ ፈንቴ ደግሞ ሐዘኔን አይተው፣ ከፈለግህ ብሬከሮቹን እንደ ድሮው እንመልሳቸው፣ ማን እንዳጠፋው አይታወቅም አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ላስብበት ብዬ ሁለት ቀን ጠይቄያቸው ነበር።