በግራ ዓይንዎ ያልቅሱልኝ

አበው «የተማረ ይግደለኝ» ብለዋል። «የተማረ ይዳረኝ» ግን አላሉም። ይህ የአበው ክፍተት በእኛ ዘመን ተሞልቷል።

የከተማችን የሠርግ ፎቶ አንሺ የክህሎት ማሻሻያ ሥልጠና ወስዶ፣ ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብቶ ከሰቀለ ወዲህ የጋብቻው ዘርፍ ከፍተኛ መነቃቃት እያሳየ ይገኛል። ድሮ፣ በዚያ ኋላ ቀር ዘመን፣ ሰው ይጋባል፤ ፎቶ አንሺም የሆነውን ያነሳል። አሠራሩ ብዙ ችግር እንደነበረበት አሁን ተደርሶበታል። ዋናው ችግር ሠርጉ ራሱ ነው።

ይህን የተረዳሁት የእህቴ ልጅ በማዘጋጃ ቤት በተሞሸረች ቀን ነው። ጠዋት አበባዋን ታቅፋ አጠገቤ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ። አዎ ስል ብቻ እኔን ይየኝ» አለችኝ። ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ምኞት እንዲህ ነው፤ አልፈርድባትም።

ሙሽራው ግን የገባው ሰው ነበር። ፎቶ አንሺው አንድ ጊዜ «አገጭህን ወደ መስኮቱ» ካለው በኋላ አገጩን ወደ ሰው መልሶ አያውቅም። ሰላም ያለን እንኳ መስኮቱን እያየ ነው።

ወደ አዳራሹ ስንገባ ፎቶ አንሺው እጁን አነሳ። «አገባባችሁ ተፈጥሯዊ አይደለም። ውጡና ሳታስቡት እንደመጣችሁ ሆናችሁ ግቡ» አለን። ወጣን፤ ሳናስበው ገባን። «አሁን ደግሞ አለማሰቡ በዛ» አለ። እንደገና ወጣን። በዚህ መሀል መታወቂያ ለማሳደስ ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉ ሰዎች ተራችን ደረሰ ብለው ተከትለውን ገቡ። ፎቶ አንሺው ሲያያቸው ዓይኑ በራ። ግራ መጋባታቸው እጅግ ተፈጥሯዊ ነበርና ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። የሙሽራው አጎቶች ወደ ኋላ ተዛወሩ።

ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ መላጣዎ ያብለጨልጫል።»

«ምን ላድርገው ልጄ፣ ቤት ትቼው አልመጣ ነገር።»

ፓውደር አራገፈብኝ። ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ወፍጮ ቤት የዋልኩ መሰልኩ። ለጥበብ እድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ ማበርከቴን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

እህቴ ልጇን በነጭ ልብስ ስታይ አልቻለችም፤ አለቀሰች። ፎቶ አንሺው ትከሻዋን በአክብሮት ነካ አደረገ።

«እማማ፣ ለቅሶው ቆንጆ ነው። ግን ብርሃኑ በግራ በኩል ነው። በግራ ዓይንዎ ያልቅሱልኝ።»

«እንባ መርጬ አላውቅም እኮ ልጄ።»

«ልምምድ ነው እማማ። ሥልጠናው ላይ በአንድ ዓይናቸው እያለቀሱ በሌላው የሚስቁ እናት አሳይተውናል።»

ምስኪን እህቴ ቀኝ ዓይኗን በመሐረብ ይዛ ታገለች። አልመጣም። ከመታወቂያ ሰልፈኞቹ አንዱ አዘነላትና በግራ ዓይኑ አለቀሰላት። ፎቶው እሱን ይዞ ወጣ፤ በአልበሙ ውስጥ የሙሽራዋ እናት ጺም አላቸው።

በመጨረሻ የጋብቻ ሹሙ ተነሱ። «ሙሽሪት፣ ይህን ሰው ለማግባት ፈቃድሽ ነው?»

«አዎ» አለች፣ ወደ ሙሽራው ዞራ። ሙሽራው ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነበር።

«ይቅርታ፣ አዎው አልታየም» አለ ፎቶ አንሺው።

«አዎ ይሰማል እንጂ መቼ ይታያል?» አሉ ሹሙ።

«እሱ ድሮ ነው ጌታዬ።»

ሹሙ የመንግሥት ሰው ናቸውና መመሪያ ያከብራሉ፤ ደገሙ። አዎ አለች። አበባው አፏን ጋርዶታል ተባለ። ደገሙ። አሁን ደግሞ ከንፈሯ ቸኮለ ተባለ። የልጅቷ አዎ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

«አንድ ጊዜ ዞር በልና እየኝ» አለችው ቀስ ብላ።

«አገጬ ይበላሻል ውዴ። እሱ የሚልሽን ብቻ አድርጊ፤ ተምሮ ነው የመጣው።»

ያኔ ፎቶ አንሺው የሥልጠናውን ዋና ትምህርት አወጣ። «ሙሽሪት፣ ችግርሽ ገብቶኛል። መልሱን ሸምድደሽዋል። ጥያቄውን ገና አሁን እንደሰማሽው ሁኚ። ሰውየውን ደህና አድርገሽ እዪው። ከዚያ ከልብሽ የመጣውን በይ።»

ሹሙ ጠየቁ። የእህቴ ልጅ ታዛዥ ናት፤ ደህና አድርጋ አየችው። መስኮቱ ላይ የተተከለውን አገጭ ከታች እስከ ላይ አየችው።

«አይ። ፈቃዴ አይደለም» አለች።

ሙሽራው ዞረ። አገጩንም፣ መስኮቱንም፣ እኛንም ረስቶ፣ አፉን እንደከፈተ እሷን ብቻ አፍጥጦ አየ። ካሜራው ቀጭ አለ።

«ይሄ ነው ተፈጥሯዊ ማለት» አለ ፎቶ አንሺው፣ ካሜራውን ደረቱ ላይ አቅፎ።

«ለፎቶው ነው አይደል ውዴ?» አለ ሙሽራው።

«ለራሴ ነው።»

ሙሽራው ወደ ሹሙ ዞረ። «ቅድም እኮ አዎ ብላለች፤ ስንት ጊዜ ነው ያለችው!»

ሹሙ ማኅተሙን ወደ መሳቢያው እየመለሱ፣ «ሕግ የሚይዘው የመጨረሻውን ነው። የቀደሙት እንደ ልምምድ ይቆጠራሉ» አሉ።

ልጅቷ የማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ የእኔን ፓውደር አየችና ሳቋ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፎቶው ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅሏል። እሷ ቀና ብላለች፤ እሱ ዓለሙን ሁሉ ትቶ እሷን ብቻ ያያል። ሰሞኑን በዚያ ሳልፍ ሁለት እጮኛሞች ፊቱ ቆመው አገኘሁ። ልጅቷ የልጁን ክንድ ጎሸም አደረገች።

«አየህ? የሚወድ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው» አለችው። ተያይዘው ገቡ፣ እንደነሱ ለመነሳት።