የሲቲው ሰው ውሃ አልጠጣም አለ

ቆዩኝማ፣ ሳቄን ልጨርስ። የልጄን ልጅ ሐኪም አይቶት ደህና ነው ስላለ ነው የምስቀው። ዋናው መጨረሻው ላይ ስለሆነ አታጣድፉኝ።

እኔ ነጻ የሚባል ነገር አላምንም። እናንተስ? ደጄ ላይ በረዶ ሳልጠርግ ካደርኩ ማስጠንቀቂያ የሚለጥፍብኝ እዚህ አሜሪካ ያለው የሴንት ፖል ሲቲ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ድንገት ተነስቶ ከመንገድ ወደ ቤትሽ የሚገባው የውሃ ቧንቧ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፣ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ አይተን በነጻ እንቀይርልሻለን ሲለኝ ምን ልበል? ግቢ ቆፍሮ፣ መልሶ ደልድሎ፣ በነጻ። ሰበብ ነው አልኩ። ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የምትኖረውን የባሌን እህት አይተው ታክስ ሊጨምሩብኝ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሰዓዳም ከአሥመራ ጀምሮ መንግሥት በር ሲያንኳኳ በጓሮ የምትወጣ ሴት ናትና እንዳትከፍቺ አለችኝ።

ከፈትኩ። እንግዳ ደጅ ማቆም አልችልበትም።

ሰውየው ባጅ ያንጠለጠለ፣ ራሰ ገባ ሐበሻ ነው። ይባስ አልኩ በሆዴ፤ የኛን ሰው የሚልኩብን እንድንለፈልፍ ነው። ቤዝመንት ወርዶ ቧንቧውን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ፎቶ አነሳ። እኔ የልጅ ልጄን ታቅፌ፣ ጡጦውን እያጠባሁ፣ ከኋላው ከኋላው። የልጁ እናት የዱቄት ወተቱን የምትበጠብጥበት የታሸገ ውሃ በካርቶን ገዝታ ኪችን ደርድራለች። ቧንቧ እያለ ውሃ መግዛት! እኔ ከቧንቧው ነው የምቀዳለት።

ወደ ኪችን ስንወጣ ሰውየው ቁጭ ብሎ ላስረዳዎት አለ። መጀመሪያ ውሃ ጠጣ ብዬ ከቧንቧው ብርጭቆ ሙሉ ቀድቼ አቀረብኩ። አመሰገነ፣ አልነካም። ትንሽ ቅመስ ብለው፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት አለኝ። የሰው ቤት ገብቶ ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለተንኮል ካልመጣ በቀር። ያዝኩት አልኩ።

«በሞቴ» ብዬ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ደቀንኩት። «ይኼ ሕፃን እንኳ በዚሁ ውሃ ተበጥብጦለት ይጠጣል፤ አንተን ምን ያደርግሃል?»

ሰውየው ካርቶኑን አየ፤ ጡጦውን አየ። ብርጭቆውን ከእጄ ወስዶ ዕቃ ማጠቢያው ሲንክ ውስጥ ደፋው።

«እትዬ፣ እርስዎም አይሙቱ፤ ቧንቧው እርሳስ ነው፤ ያንን ጡጦ አሁኑኑ ከልጁ አፍ ያውጡት።»