መምህር ባይሳ የባኬ ጃማን ጊንጥ ክሮች የቈጠሩበት ዜና

ማይክሮስኮፑ ነቀምቴ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ጠመኔ በተትረፈረፈበትና ዝናብ በልኩ በዘነበበት፣ ወንጌላዊው ማርቆስ ተረኛ በነበረበት ዘመን፣ ወርኃ የካቲት በጠባ ጊዜ፣ መምህር ባይሳ መርጋ ዘነቀምቴ፣ ከሣቴ ሽንኩርት፣ መጋቤ ሳይንስ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ገዥ፣ ግዛታቸው ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር የሚደርስ፣ በትምህርት ቤታቸው በሰላም ተቀምጠው ሳለ ክፉ አዋጅ ወረደባቸው።

አዋጁን ይዘው የመጡት ከአዲስ አበባ የተላኩት የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ አቶ ወሰኔ ነበሩ። ቃሉም እንዲህ ይላል፦ “ይህ ማይክሮስኮፕ ከመጣ ጀምሮ ከሽንኩርት ልጣጭ በቀር ያሳየው ነገር የለም። ሽንኩርት ደግሞ ያለ መሣሪያም ያስለቅሳል። በመጪው ዓርብ እንመለሳለን፤ እስከዚያ ቁም ነገር ካሳየ ይቆያል፣ ካላሳየ በላንድሮቨር ተጭኖ ወደተሻለ ትምህርት ቤት ይሄዳል።” ይህን ተናግረው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ አቧራውን ለሰንደቅ ዓላማው ትተው ወደ ጊምቢ ወረዱ።

መምህር ባይሳም ፈሩ። ታሪክ ጸሐፊ የጀግናውን ፍርሃት መደበቅ ልማዱ ነው፤ የዚህ ዜና ጸሐፊ ግን በር ላይ ቆሞ ፊታቸውን አይቷልና አይደብቅም። ማይክሮስኮፑ ሳይመጣ በፊት እርሳቸው ራሳቸው አይተውት የማያውቁትን ሕዋስ በጠመኔ ክብ እየሣሉ፣ በመካከሉም ነጥብ እያደረጉ፣ እመኑኝ እያሉ ስንት ዓመት አስተምረዋል። መሣሪያው በመጣ ዕለት ግን ተማሪው ሁሉ ተራ በተራ አጎንብሶ ባየ ጊዜ፣ የእያንዳንዱ አፍ እንዴት ሳያስበው እንደሚከፈት ተመለከቱ፤ ከዚያ ወዲህ ለዚያች አፍ መክፈት ይኖሩ ነበር። ወደ ጠመኔው ክብ መመለስ ሞት መሰላቸው።

ወእምዝ ተነሡ። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የባሕር ማዶ መጽሔት ነበራቸውና አወጡት። በዚያም ላይ እንደተጻፈው፣ ከእናትና ከአባት የሚወረሰውን ነገር ሁሉ የሚሸከሙ ክሮሞሶም የሚባሉ ክሮች በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አሉ፤ የሰው ልጅ ከተወለደበት አገር ቢርቅም የክሮቹ ቁጥር ያው ነው፤ ጊንጥ ግን ትዕቢተኛ ፍጥረት ናትና አንዲት ዓይነት ሆና ሳለች በአንዱ ወረዳ በአንድ ቁጥር፣ በሌላው ወረዳ በሌላ ቁጥር ትኖራለች። እርሳቸውም የስምንተኛ ክፍልን ሰብስበው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ “የከተማችን የባኬ ጃማ ሰፈር ጊንጥና የሩቋ የቢላ ጊንጥ ስንት ስንት ክር እንዳላቸው በወለጋ ምድር የቈጠረ የለም። እኛ እንቈጥራለን። ዓርብም እናሳያለን። እናቱ ጊንጥ አትንካ ያለችው ልጅ ካለ እናቱን ይስማ፤ ጣሳ ግን ያምጣ።”

በገበያ ቀንም የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አቶ ተረፈ፣ አባታቸው ከጎጃም መጥተው የቀሩ፣ ድምፃቸው ከደወሉ የሚበልጥ፣ በቅቤ ሻጮችና በጨው ሻጮች መካከል ቆመው አዋጁን በሁለት ቋንቋ ነገሩ፦ “ዸጋኣ! ስሙ! ኦቦ ባይሳ ጊንጥ ይፈልጋሉ! የሞተ አይፈለግም፣ የተረገጠ አይፈለግም። ያመጣ ሰው ከየት እንዳመጣው ይናገር፤ አገሩ ያልታወቀ ጊንጥ አንቀበልም! ገለቶማ!”

የነቀምቴም ሕዝብ ዘመተ። የድንጋይ ካብ የሚያፈርሱ ጎልማሶች መጡ፤ ወረንጦ የያዙ ልብስ ሰፊዎች መጡ፤ ከወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ድምፀ ወፍራሞቹ መጡ፤ ከማርያም ደብር ሁለት ዲያቆናት፣ አንደኛው ለማየት ብቻ፣ መጡ፤ የአውቶቡስ ሾፌሩ ኦቦ ጨመዳ ከቢላ አንድ ጣሳ ሙሉ ጊንጥ በመቀመጫቸው ሥር አድርገው፣ ተሳፋሪውን ሳያስጠነቅቁ መጡ። የመጀመሪያው ቀን ምርኮ ግን ከንቱ ሆነ። ለመምህር የሚሰጥ ነገር መቼም የሰባ መሆን አለበትና፣ ሰው ሁሉ ቀጭን ቀጭኑን ጥሎ ሆደ ትልልቆቹን ብቻ መርጦ አመጣ፤ እነዚያም ሁሉ እንስት ነበሩ። መምህሩ የሚፈልጉት ደግሞ ተባዕቱን ነበር፤ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩት በወንዱ ዘር ፍሬ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ሁለተኛ አዋጅ ወጣ፦ “ከሲታውን አምጡ። አንቀየምም።”

ሌላም ነገር ሆነ፤ የዚህ ዜና ነገር ሁሉ ከእርሱ ይጀምራል። ከመጡት ጊንጦች መካከል ካመጣው ሰው ቤት የተገኘ አንድም አልነበረም። በነቀምቴ ጊንጥ ጓዳዋ የተገኘባት ሴት መጥረጊያ አታውቅም ትባላለች፤ ስለዚህ ሁሉም ከጎረቤት አጥር ነው ያገኘሁት ይል ነበር። የባኬ ጃማዋ ወይዘሮ ቀለሟ ሞረዳም አንድ ከሲታ ጊንጥ በጣሳ ይዛ መጥታ፣ ከየት ነው ብትባል፣ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ አጥር ለአጥር ከሚዋሰኗት ከአማቷ ከአዴ ሎሚ አጥር ነው አለች። መምህሩም በቅን ልቡና “የአዴ ሎሚ አጥር” ብለው በጠመኔ ጣሳው ላይ ጻፉ።

ከዚህ በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ። መምህር ባይሳ፣ አውራ ጣታቸው ጦር፣ ወረንጧቸው ጋሻ፣ የጊንጡን ሆድ ከፍተው እንደ ክር የቀጠነውን ዘር ፍሬ አወጡ፤ በመስታወት ላይ አኖሩት፤ ከሆስፒታል ለምነው ያመጡትን ቀይ ቀለም ጠብ አደረጉበት፤ በስስ መስታወት ከደኑት፤ በማድረቂያ ወረቀት ሸፈኑት፤ ከዚያም በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣት ወደ ጎን ጥቂት ከተንሸራተተ ሕዋሱ ሁሉ ተጨማልቆ ያልቃል፤ ጣት ከፈራ ደግሞ ክሮቹ ተከምረው አይለያዩም። ብዙ መስታወት ተሰበረ፤ ብዙ ጊንጥ በከንቱ ተሰዋ፤ በአንድ ባልዲ ውስጥ የቆዩትም እርስ በርሳቸው ተበላልተው አንድ ወፍራም ንጉሥ ብቻ ቀረ። በመጨረሻ ግን ክሮቹ በቀይ ቀለም ደምቀው ታዩ፦ የባኬ ጃማው ጊንጥ አሥራ አራት፣ ሰባት ጥንድ፤ የቢላው ጊንጥ አሥራ ሁለት፣ ስድስት ጥንድ። መምህሩም ተቀምጠው ሳቁ፣ ቆመውም ሳቁ። ዓርብም ሳይደርስ፣ ጀግና ሁሉ እንደሚሳሳተው ተሳስተው፣ ድሉን በከተማው አሳወጁ፦ “ባኬ ጃማ በአሥራ አራት፣ ቢላ በአሥራ ሁለት ይተዳደራሉ!”

ዓርብ አቶ ወሰኔ መጡ። ሕዝቡም በክፍሉና በመስኮቱ ሞላ። ተቆጣጣሪው አዋጁን ገና መንገድ ላይ ሰምተውት ነበርና እንዲህ ብለው አወጁ፦ “የተዘጋጀ ነገር አናይም። በፊታችን አንድ አዲስ ጊንጥ ይከፈት፤ አሥራ አራት ያለ አሥራ አራት ያሳይ።” የቀረው በሕይወት ያለ የባኬ ጃማ ተባዕት አንድ ብቻ ነበር፤ “የአዴ ሎሚ አጥር” በሚለው ጣሳ ውስጥ የነበረው ያ ከሲታ።

መምህሩ ከፈቱ፣ ቀለም ጠብ አደረጉ፣ ተጫኑ። የመሣሪያውን መስተዋት ወደ ፀሐይ መልሰው አጎነበሱ። አምስት ጥንድ አዩ። ከአምስቱ ጥንድ ራቅ ብለው ደግሞ ሦስት ክሮች፣ አንድ ረጅም በመካከል፣ ሁለት አጫጭር በግራና በቀኝ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አዩ። አሥራ ሦስት። ደግመው ቈጠሩ፤ አሥራ ሦስት። ላባቸው በአፍንጫቸው ወርዶ መሣሪያው ላይ ጠብ አለ። አሥራ አራት ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? አንዲቷ ክር ከሌላዋ ሥር ተደብቃለች ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? ተማሪዎቻቸው በመስኮት ያዩአቸው ነበር፤ የማይክሮስኮፑ ሣጥንም ክዳኑ ተከፍቶ በአቶ ወሰኔ እግር ሥር ይጠብቅ ነበር። መምህር ባይሳ ያን ሣጥን አዩት።

ከዚያም ቀና ብለው በወለጋ ታሪክ እጅግ አጭር የሆነውን አዋጅ አወጁ፦ “አሥራ ሦስት ነው።”

አቶ ወሰኔ ወደ ሣጥኑ እጃቸውን ዘረጉ። መምህሩ ግን ወደ መሣሪያው ተመልሰው አጎንብሰው ነበርና፣ ቀና ሳይሉ ሁለተኛ አዋጅ አከሉ፦ “ረጅሟ የቢላ ናት፤ ሁለቱ አጫጭሮች የባኬ ጃማ ናቸው። ከአንድ አያት የወረዱ ወገኖች ተራርቀው ሲኖሩ፣ በአንደኛው ወገን ሁለቱ ክሮች ተገጣጥመው አንድ ረጅም ሆኑ። ይህ ጊንጥ ከአንዱ ወገን ስድስት፣ ከሌላው ሰባት ወርሷል። እናትና አባቱ የሁለት አገር ሰዎች ናቸው! ነገር ግን ጊንጥ ከቢላ እስከዚህ በእግሩ አይመጣም። ያመጣው ማን ነው?”

ሕዝቡ ሁሉ ጣሳውን አነበበና ወደ አዴ ሎሚ ዞረ። አዴ ሎሚ፣ የባኬ ጃማ የጓዳ ንግሥት፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሡና አወጁ፦ “የእኔ አጥር? የእኔ አጥር በየቀኑ ይጠረጋል! የቢላ ጊንጥ በእኔ አጥር ምን ይሠራል? ዋቃ ይፍረደኝ!”

ያን ጊዜ ወይዘሮ ቀለሟ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ዝም ብትል አማቷ ይታማሉ፣ መምህሩም ውሸታም ይባላሉ፣ ሣጥኑም ይዘጋል፤ ብትናገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ መጥረጊያ የማታውቅ ሴት እርሷ ናት። ነጠላዋን ለቀቀችውና፣ በባሏና በአማቷ፣ በሁለቱ ዲያቆናትና በመዘምራኑ ሁሉ ፊት አወጀች፦ “ከእኔ ጓዳ ነው። ሳገባ አባቴ ከቢላ የማር ቀፎ በመኪና ጭኖ ሰጠኝ፤ የዚህ ወላጅ የሆነው የቢላ ጊንጥ በቀፎው ገለባ ውስጥ መጣ። በጫጉላችን ሳምንት ደረሳን የነደፈውም እርሱ ነው። ከአዴ አጥር ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ቀፎዎቹ እስከ ዛሬ ጓዳዬ ናቸው። አዴ፣ ይማሩኝ።”

ባሏ ኦቦ ደረሳ የተነደፈበትን ቁርጭምጭሚት ሳያውቀው ዳሰሰ። ሕዝቡም ምን ሊወርድ ነው ብሎ አዴ ሎሚን ተመለከተ። ከዚያም አሮጊቷ ፍርፍር ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም አወጁ፦ “እኛ ተጋባን ስንል ጊንጡም ተጋብቶልናል! በሉ እንግዲህ፣ የልጅ ልጅ ከእናንተ ዘግይቷል፣ ከጊንጡ አገኘን!” ቀለሟም ሳቋና ዕንባዋ አብረው መጡ።

አቶ ወሰኔ ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወንበር ስበው፣ በመሣሪያው ላይ አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። ሦስቱን የተያያዙ ክሮች ሲያዩ፣ የዚህ ዜና ጸሐፊ ከበሩ ላይ እንደመሰከረው፣ የተቆጣጣሪው አፍ ሳያስቡት ቀስ ብሎ ተከፈተ። መምህር ባይሳም ይህን አዩ፤ ያን ጊዜ ዕንባቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። አቶ ወሰኔ ቀና ብለው የሣጥኑን ክዳን በእግራቸው ዘጉና የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ “ይህን ሣጥን ባዶውን እንወስደዋለን፤ ለመንገድ ዳቦ መያዣ ይሆነናል። አሥራ ሦስቱን አሥራ ሦስት ያለ ዓይን ባለበት ማይክሮስኮፑም ይቆይ።”

ስለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል ለመምህር ባይሳ መርጋ፣ መዋዔ ጊንጥ፣ ኈላቄ ክሮሞሶም፣ ጣታቸው ወደ ጎን ላልተንሸራተተ፣ አፋቸውም ላልተንሸራተተ፤ አንዲት ክር ጨምረው መዳን ሲችሉ ላልጨመሩ፤ ስማቸው ከዲዴሳ እስከ ዓባይ ይጠራ፤ ጠመኔያቸው አይለቅ፣ ቀለማቸው አይንጠፍ። ምስጋና ለአዴ ሎሚም፣ ስቀው ምሕረት ላደረጉ። ከሁሉ በላይ ግን ክብር ለወይዘሮ ቀለሟ ሞረዳ ዘቢላ ወባኬ ጃማ ይሁን፤ ነገሥታት ከተማ ይዘዋል፣ የጦር አበጋዞች ወንዝ ተሻግረዋል፣ በአማት ፊት ቆሞ የጓዳን እውነት የተናገረ ግን ከእርሷ በፊት በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጻፈም።