ተ የሌለበት መዝገብ

ትናንት ዓርብ፣ ምሳዬን በልቼ ጠረጴዛዬ ላይ ግንባሬን ደፋ ከማድረጌ ሕልም አየሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሕልም ማየት ደንብ መጣስ እንደሆነ አልጠፋኝም። እንቅልፍ ግን ፈቃድ አይጠይቅም።

እኔ ምክትል መቶ አለቃ ልሳኑ የግድያ ወንጀል መርማሪ ነኝ፤ ማለቴ እስከ ትናንት ነበርኩ። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ የግድያ መርማሪ መሆን በሐምሌ ውሃ እንደ መሸጥ ነው። ዕቃው ሞልቶ ፈሷል፣ ጠያቂ ግን የለም። ሰው ሲሞት «እርምጃ ተወሰደበት» ይባላል፤ እርምጃ ደግሞ አይመረመርም።

በዚህ ሳምንት ግን አንድ ሬሳ እጄ ላይ ወደቀ። አቶ ድንበሩ ይባላል፣ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ሰኞ ዕለት በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ «ጠላት ተደመሰሰ» ተብሎ መውጣት የነበረበት አርእስት፣ አንዲት ፊደል ሾልካ ወድቃ «ጠላት ደመሰሰ» ተብሎ ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት አቶ ድንበሩ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ ተገኘ።

ሚስቱ ወይዘሮ ይታጠቁ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቢሮዬ ደጅ ካለችው አግዳሚ አልተነሱም።

«ልጄ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም» ይሉኛል፣ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር። «‹ተገደለ› የምትል አንዲት ወረቀት ስጠኝ። ቀበሌዎቹ ‹እርምጃ ከሆነ ማልቀስ ክልክል ነው› አሉኝ። እንባዬን አፍኜ እስከ መቼ ልቀመጥ?»

ትናንት ጠዋት ጨከንኩና ሪፖርቴን ጻፍኩ፤ «አቶ ድንበሩ ተገደለ» አልኩ። ለጸሐፊያችን ለዘነቡ እንድትተይበው ሰጠኋት፣ ምሳዬን በላሁ፣ ግንባሬን ደፋሁ።

በሕልሜም ጣቢያው ያው የኛው ጣቢያ ነበር። ሰልፍ ይዘው የቆሙት ግን ፖሊሶቹ ናቸው፤ ሌቦቹ መስኮቱ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ እያማሰሉ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ሃምሳ አለቃ ዱባለ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ አንዱን የታወቀ ኪስ አውላቂ ይለማመጣል።

«ነገ ና አልኩህ እኮ!» አለው ኪስ አውላቂው። «ኃላፊው ለሥራ ወጥቷል። መርካቶ ነው።»

«ተራዬ ነው» ብዬ ወደ መስኮቱ ገፋ ገፋ አልኩ። ፊሽካ ተነፋ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«ራዬ ነው በል!» አለኝ ኪስ አውላቂው፣ ግራ ቀኙን እያየ። «አዋጁን አላነበብክም እንዴ፣ ወንድሜ? ልጆች የሉህም?»

አዋጁ ግድግዳው ላይ ነበር። «በ በ እና በ ቸ መካከል ስትቀመጥ የኖረችው ፊደል ከዛሬ ጀምሮ ታግዳለች» ይላል። «ሰፊውን ሕዝብ ያስጨቆነች እሷ ናት። በየቃሉ ፊት እየቆመች ስንቱን አስመታች፣ ስንቱን አስገደለች! እሷ ከሌለች የመታ እንጂ ሌላ የለም፤ የገደለ እንጂ ሌላ የለም። ስድስቱ ወንድሞቿ በክትትል ላይ ናቸው።»

ከፊቴ ጭንቅላቱን በፋሻ የተጠቀለለ ሰውዬ ቆሞ ነበር።

«መታሁ» አለ፣ መስኮቱ ሥር አጎንብሶ።

«ማንን?»

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ ጌታዬ። የሚያመኝ የገዛ ራሴን ነው። ወረቀቱ ግን መታ ይላል።»

«ስንት ዓመት ልበልህ?»

«እርስዎ ደስ ያለዎትን።»

ወዲያው ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ። ወንበሬ ላይ አቶ ድንበሩ ተቀምጧል። ሰሌን ላይ የተኛ ሬሳውን ነበር የማውቀው፤ አሁን ግን ጸጉሩን ተበጥሮ፣ ቀይ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ያቺ ቀዳዳ እንዳለች ነው።

«ግባ፣ ጓድ መርማሪ» አለኝ።

«መርማሪው እኔ ነኝ!»

«እኔም ነኝ። ከመጠሪያዬ ፊት አንዲት ፊደል ወደቀችና ሹመት ሆነልኝ።» ሳቀ። «ኮሪደሩ ላይ በካቴና ያለውን አየኸው? ትናንት ሌላ ነበር፣ ዛሬ ከሳሽ ነው። ማንን እንደሚከስ ጨንቆት ያለቅሳል። ለማንኛውም እጄን ልሰጥ ነው የመጣሁት። ገድያለሁ።»

«ኧረ አንተ ተገ—»

ዘልሎ አፌን ያዘኝ። እጁ ቀለም ቀለም ይሸታል። «ቀስ በል! እኔን ያስበላችኝ እሷ አይደለች?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይታጠቁ አለቀሰች?»

«አልቻሉም። ያቺ ፊደል ወረቀቱ ላይ ካልገባች አይፈቀድላቸውም።»

«እሷ እኮ ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ ደብቃ ማልቀስ የማትችል ሴት ናት» አለ። «ፈልጋት። ፊደሏን ፈልግላት።»

ወደ ቀበሌው ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ የጣቢያችን አነፍናፊ ውሻ ቦቢ ነበር፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ሚዛን ያስተካክላል። መደርደሪያው ላይ ያለው ቃል ብቻ ነው።

«አንዲት ተ—» አልኩ።

«አልቃለች! ካርድ አለህ?»

«አለኝ።»

«ካርድ ላላቸው አልቃለች። ካርድ ለሌላቸው ድሮም አልመጣችም።» ጆሮውን በኋላ እግሩ አከከ። «እርምጃ ልስጥህ? እሱ በኩንታል ነው ያለው። ስኳር ከጠፋ ወዲህ ሰዉ ሻዩንም በእርምጃ ነው የሚጠጣው።»

ከዚያ ጠጋ ብሎ ኮቴን አሸተተ። «አንድ ነገር ትሸታለህ» አለኝ። «ዝምድና ስላለን ዛሬ አልጮህብህም። ሩጥ።»

ሮጥኩ። የገባሁት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ራስን የማጋለጥ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰብሳቢዋ ያቺ የኮሪደሩ አግዳሚ ነበረች፤ ሦስት ቀን ስለተቀመጡባት ይመስለኛል፣ ዛሬ በተራዋ እሷ ተቀምጣለች። መድረኩ ላይ አለቃዬ ሻምበል ንጋቱ ደረታቸውን ይደቃሉ።

«ጓዶች! ድንበሩን የገደልኩ እኔ ነኝ! በዚህች በእጄ!»

«ማስረጃ?» አለች አግዳሚዋ፣ ሲጥ እያለች።

«ሽጉጡ ይኸው! ገና ትኩስ ነው!»

«ትኩስ ሽጉጥ ያለው ሁሉ ገዳይ ነኝ ካለ አዳራሹ አይበቃንም። ገዳዩ ድንበሩ ነው፤ ወረቀት አለው። ያለ ወረቀት ገደልኩ ማለት ሥርዓት አልበኝነት ነው።»

«እናቴ ትሙት እኔ ነኝ! ያን ሁሉ ደክሜ ስሜ እንኳ አይነሳ?» ብለው ሻምበሉ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሕዝቡ መሐረብ አቀበላቸው። በዚያ ከተማ ማልቀስ የተፈቀደላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አቶ ድንበሩ ከጎኔ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሁለት ጣቱን ወደ ጆሮ ግንዱ ቀዳዳ ሰደደ። ትንሽ ቆፈር ቆፈር አድርጎ አንዲት የእርሳስ ብረት ቁራጭ አወጣ። ጥይት መስላኝ ነበር። የማተሚያ ቤት ፊደል ናት፤ ተ ናት።

«ይቺ ናት ሰኞ ከገጹ የወደቀችው» አለ። «ማክሰኞ መልሰው ላኩልኝ።»

መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ትፋጃለች። በኮሪደሩ በረርኩ፤ ወይዘሮ ይታጠቁ ከወዲያ ጫፍ ቆመው ይጠብቁኛል። መዳፌን ልከፍት፣ አፌን ልከፍት—

«ተነስ!»

በዚያች ከተማ ይቺ ቃል ዕድሜ ልክ ታስፈርድ ነበር። ቀና አልኩ። ሻምበል ንጋቱ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመዋል፣ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል።

«ጎበዝ፣ ልሳኑ! በሦስት ቀን ገዳዩን አገኘኸው! ፈርሜበታለሁ፣ መዝገቡ ተዘግቷል።»

ወረቀቱን አየሁት። «አቶ ድንበሩ ገደለ» ይላል።

ዘነቡ ከበሩ አጠገብ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። «ጋሼ ልሳኑ፣ የጽሕፈት መኪናው የ ተ ቁልፍ ተሰብሯል ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ። «መልሱ ገና ነው።»

«ጓድ ሻምበል፣ አንዲት ፊደል ወድቃለች» አልኩ። «በእጄ ላርመው።»

«ማረም?» ሻምበሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «የመጨረሻው አራሚ የት እንደደረሰ ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ይልቅ ወረቀቱን ለሴትዮዋ ስጥልኝ፤ አግዳሚያችንን ጨረሰችው።»

ወጣሁ። ወይዘሮ ይታጠቁ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ሳሙት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«አንብብልኝ፣ ልጄ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ‹ላንድ ቤት አንድ አንባቢ ይበቃል› እያለ ይቀልድብኝ ነበር።»

ወረቀቱን አየሁት። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ። መዳፌ አሁንም የሚፋጅ መሰለኝ።

«አቶ ድንበሩ…» አልኩ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለችውን ከአፌ ጨመርኩላቸው። «ተገደለ።»

«ተገደለ?»

«ተገደለ፣ እትዬ።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ የሦስት ቀኑ እንባ አንድ ጊዜ መጣ። «ድንበሬ! ወንድሜ!» ብለው ደረታቸውን ሲደቁ የጣቢያው መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሃምሳ አለቃ ዱባለ ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ። እስር ቤቱ ውስጥ ያሉትም፣ ማን እንደሞተ ሳያውቁ፣ አብረው አለቀሱ።

የሻምበል ንጋቱ በር ተከፈተ።

«ማነው ያነበበላት?»

ጣቢያው ውስጥ ስምንት ዓመት ስሠራ ፈጻሚው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የታወቀበት ምርመራ ይህ ብቻ ነው። አዲስ መዝገብ ተከፈተ። ዘነቡ እያለቀሰች ተየበችና ለሻምበሉ ሰጠቻቸው። እሳቸው አነበቡት፤ ቅንድባቸው ተኮሳተረ።

«‹መርማሪ ልሳኑ› ይላል» አሉ። «ይሄማ ስሕተት ነው። መታረም አለበት።»

ከኪሳቸው ቀይ እርሳስ አወጡ፣ ጫፉን በምላሳቸው አራሱ፣ ከ«መርማሪ» ፊት አንዲት ቆንጆ ተ በእጃቸው ጻፉልኝ።